የሻምበል ዮናስ ቤት የፊት በር

ጡረታ የወጣሁ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ሻይና ኬክ አዘጋጅተው ሸኙኝ። ከመካከላቸው አንዲት ጎበዝ አርክቴክት፣ በኮምፒውተር እንጂ በእጇ መስመር አስምራ የማታውቅ ልጅ፣ "እትዬ እጅጋየሁ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ከሠሩት የትኛውን ሕንፃ ይወዱታል?" ብላ ጠየቀችኝ። ፎቅ እንድጠራላት ነበር የጠበቀችው። ከአፌ የወጣው ግን "አንድ መወጣጫ" የሚል ነበር። ሁሉም ሳቁ። ኬኩ ተቆርሶ ሰዉ ወደ ወሬው ስለገባ ለማስረዳት አልተመቸኝም። አሁን ለሚ ኩራ ባለው ኮንዶሚኒየሜ ቁጭ ብዬ እውላለሁ፤ ጊዜ ተርፎኛል። ያን ቀን ያልመለስኩላትን ልጻፈው።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ በነበረ አንድ የመንግሥት የንድፍ መሥሪያ ቤት ድራፍትማን ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ሴት ብሆንም መጠሪያው ያው ድራፍትማን ነበር። አርክቴክቶቹ በእርሳስ የጫሩትን እኛ በስስ ወረቀት ላይ በቀለም እናወጣለን። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት የእህል መጋዘንና የመንግሥት እርሻ ሠራተኞችን መኖሪያ በመሳል ነው። አንዱ መጋዘን ከሌላው የሚለየው በሚሠራበት አውራጃ ስም ብቻ ነበር። ደመወዙ እናቴንና እኔን ያኖረናል፤ ከዚያ በላይ አላስብም። የክፍሉ ኃላፊ ቁጡ ነበሩ። ወረቀቱ ከውጭ አገር ስለሚመጣ አንድ ሉህ ያበላሸ ሰው ቀኑን ሙሉ "የሕዝብ ንብረት" ሲባል ይውላል። ስለዚህ የተሳሳተ መስመር በምላጭ ጫፍ ቀስ ተብሎ ይፋቃል፣ በጥፍር ጀርባ ይለሰልሳል፣ ከዚያ እንደገና ይሰመርበታል። እጅ ከከበደ ወረቀቱ ይበሳል። የኔ እጅ ቀላል ነበር። ጋሽ በላቸው የመረጡኝም በዚህ ምክንያት ነው።

ጋሽ በላቸው ኢጣሊያ አገር የተማሩ አርክቴክት ነበሩ። ከለውጡ በፊት የራሳቸው ቢሮ ነበራቸው። ቢሮው ሲዘጋ እኛ አዳራሽ መጥተው መስኮቱ አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ተቀመጡ። ስለ ቀድሞው ቢሯቸው ሲያወሩ አንድ ቀን ሰምቻቸው አላውቅም።

በዚያን ጊዜ ትርፍ ቤት ሁሉ ተወርሶ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የቀረችው አንዲት መኖሪያ ቤቱ ነበረች። ልጅ ሲያገባም፣ አያት ሲታመምም፣ ዘመድ ከክፍለ ሀገር ሲመጣም ሁሉም የሚሸጋሸገው እዚያችው ቤት ውስጥ ነው። ሰዉ አዲስ አይሠራም፤ ያለውን ያድሳል። ለማደስ ደግሞ በባለሙያ የተነደፈ ፕላን ያስፈልጋል። መሥሪያ ቤታችን ለዚህ ሥራ አንድ ትንሽ ክፍል ከፈተ። ሌሎቹ አርክቴክቶች በር ማስፋትና ኩሽና ማዞር አላስደሰታቸውም፤ ጋሽ በላቸው እጃቸውን አወጡ፣ እኔን ጠየቁ፣ ክፍሉ እሳቸውና እኔ ሆነን ቀረን።

አንድ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ ጋሽ በላቸው እርሳስ አያወጡም። ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ ከአባወራው እስከ ሠራተኛዋ ድረስ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርባሉ። "እንግዳ በሌለ ጊዜ የት ነው የምትቀመጡት?" ሰው ይደናገራል። ሳሎኑን አስተካክሎ፣ ሶፋውን አልብሶ ነው የጠበቀን። አንድ አስተማሪ ትንሽ አፍረው "አልጋው ጫፍ ላይ" አሉ። አንዲት ሠራተኛ ደግሞ "እኔ አልቀመጥም" አለች፤ እንደ ቀልድ አልነበረም። ጋሽ በላቸው በዚያ ቤት ፕላን ላይ ኩሽናው ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ የግንብ መቀመጫ ጨመሩ። እመቤቲቱ "ይሄ ለምንድን ነው?" ሲሏቸው "መስኮቱ ከሥሩ ድጋፍ ይፈልጋል" አሏቸው። መስኮቱ ምንም ድጋፍ አይፈልግም ነበር።

በልኬት ደግሞ ምሕረት የላቸውም። የክፍሉን አራት ጎን ለክቼ ብመጣ አይቀበሉኝም፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍም መለካት አለብኝ። "ግድግዳ ሁሉ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ ይላል፤ አትመኚው" ይሉኛል። እውነትም ሁለቱ ሰያፎች እኩል የሆኑበት ቤት ብዙ አላጋጠመኝም። ንድፉ ሲያልቅ ወረቀቱን ይዘን እንመለስና አዲሱን ግድግዳና አዲሱን በር በኖራ ወለሉ ላይ በእውነተኛ መጠኑ እንስላለን። የቤቱ ሰዎች በዚያ መካከል እየተራመዱ፣ በሌለ በር እየገቡ፣ በሌለ ምድጃ ፊት እያጎነበሱ ይሞክሩታል። አንድ እርምጃ የሚጠባቸው እንደሆነ እዚያው ይታወቃል፤ ኖራ በእግር ይጠፋል፣ ግንብ አይጠፋም። ጋሽ በላቸው ከዚህ አሠራር ፈቀቅ ሲሉ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ወይዘሮ ለተብርሃን ወደ ቢሯችን የመጡት የሶማሌ ጦርነት ካለቀ በኋላ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከትግራይ በልጅነታቸው የመጡ፣ ጠይም፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው አውሮፕላን ማረፊያ በመካኒክነት ሠርተው ያረፉ ሰው ናቸው። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ሻምበል ዮናስ ይባላል። በመድፈኛ ክፍል መኮንን ሆኖ ምሥራቅ ግንባር ዘምቶ ፈንጂ ሁለት እግሮቹን ከጉልበቱ በላይ ወስዶበታል። ረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ቁስሉ እየጠገገ ስለነበር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደሚወጣ ተነግሯቸዋል።

"በወንበር ነው የሚመጣው" አሉ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ማለታቸው ነው። "ቤቴ ደግሞ ሁሉ ነገሩ ደረጃ ነው።"

ቤታቸው ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቁልቁለት ላይ የተሠራ ነው። በመንገዱ በኩል ወለሉ ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ወደ በረንዳው የሚወጣው በሰባት የድንጋይ ደረጃ ነው። በጓሮ በኩል ግን መሬቱ ከኩሽናው ወለል የሚያንሰው በጣም በትንሹ ነበር። ጋሽ በላቸው እንደ ልማዳቸው ወይዘሮ ለተብርሃንን የት እንደሚቀመጡ ጠየቁ። ሠራተኛ አልነበራቸውም። ከዚያ፣

"ልጅዎንም መጠየቅ አለብኝ" አሉ። "ሆስፒታል ሄጄ ላነጋግራቸው።"

ወይዘሮ ለተብርሃን ፊታቸው ተለወጠ። "ጋሽ በላቸው፣ ይህን እንኳ አያድርጉብኝ። ስለ በርና ስለ ወንበር ሲጠየቅ እንደገና የሚቆረጥ ነው የሚመስለው። ሲመጣ ቤቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው። አንድ ነገር እንኳ ሳያስበው ይግባ።"

"የሚኖርበት ሰው ሳይጠየቅ…"

"እኔ እናቱ ነኝ፣ የሚሆነውን አውቃለሁ" አሉና ማልቀስ ጀመሩ። ድምፅ አልነበረውም። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ቆሙ። ጋሽ በላቸው ሜትራቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። "እሺ" አሉ።

ንድፉ በቶሎ ተሠራ። በፊት በኩል ደረጃ የሌለው መወጣጫ፣ እኛ ራምፕ የምንለውን፣ ለመሥራት ቢያንስ አሥራ ሦስት ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ግቢው ግን ያን ያህል ርዝመት የለውም። ባለቤታቸው የተከሉት የኮክ ዛፍም መካከሉ ላይ ቆሟል። በጎን በኩል ግን ከግቢው በር ተነስቶ በአጥሩ ሥር፣ በውሃው በርሜልና በከሰል ቤቱ አጠገብ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ሽቅብ ወደ ጓሮ የሚወስድ መተላለፊያ አለ። እሱን በድንጋይ ደልድለን፣ መጨረሻው ላይ አጭር ራምፕ ሠርተን፣ የኩሽናውን በር ብናሰፋ ወንበሩ ቤት ገባ ማለት ነው። ዕቃ ቤቱ ፀሐይ የሚገባበት መኝታ ቤት ይሆናል። ከጎኑ መታጠቢያ ቤት አለ። ሲሚንቶ በቀበሌ በኩል በኮታ በሚታደልበት ጊዜ ይህ ትንሽ ሲሚንቶ የሚፈጅ ንድፍ ነው። ፕላኑን በቀለም ሳወጣው የሚፋቅ አንድ መስመር አልነበረውም፤ ያማረ ሥራ መሰለኝ።

የገነባልን ቶለሳ ነው። የገርጂ ሰው ነው፤ ያኔ ገርጂ ገና የገበሬ መንደር ነበረች። አባቱ እያረሱ እሱ ድንጋይ መጥረብ ተምሮ ከተማ ውስጥ ይሠራል። የበሮቹን የላይኛውን ማሰሪያ፣ ግንበኞች አርኪትራቭ የሚሉትን፣ አውርዶ ሰፋ አድርጎ መለሰው። የራምፑን ድንጋይ አንድ በአንድ ጠርቦ ገጣጥሞ፣ ውሃ ልክ እያስቀመጠ፣ እጅ ቢያልፍበት የማይሻክር አድርጎ ሠራው። ወይዘሮ ለተብርሃን ግድግዳውን ራሳቸው ቀቡ።

ሻምበሉ በመጣ ቀን እኛንም ምሳ ጠርተውን ነበር። ጎረቤት ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሟል። የጦር መኪና በሩ ላይ ቆሞ ሁለት ወታደሮች ወንበሩን አወረዱ፣ ከዚያ እሱን አወረዱ። ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ የገረጣ ወጣት ነበር። ሰውን ሁሉ በእጁ ሰላም አለ። እናቱ እጃቸውን ወንበሩ ላይ አድርገው፣ በደስታ "በዚህ፣ በዚህ" እያሉ በጎን በኩል ወደ መተላለፊያው ገፉት።

ከሰል ቤቱ ጋ ሲደርስ ጎማዎቹን በሁለት እጁ ያዘ። ወንበሩ ቆመ።

"ይሄ የት ነው የሚወስደው?" አለ።

"ወደ ቤት ነዋ ልጄ። በኩሽናው በር ነው። አንተ እንዳትቸገር ብለን…"

"ሰዎቹስ በየት ነው የሚገቡት?"

ጎረቤቶቹ በፊት ለፊቱ ደረጃ እየወጡ፣ እየተሳሳቁ ወደ ሳሎን ሲገቡ ይሰማል።

ሻምበሉ ዞሮ ወታደሮቹን "አንሡኝ" አላቸው። እንደ ሕፃን አቅፈው ሰባቱን ደረጃ ይዘውት ወጡ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ምሳው ተበላ፣ ሰውም እየመረቀ ተበተነ።

ከዚያ በኋላ ሻምበል ዮናስ ከቤት አልወጣም። የሠራነው መኝታ ቤት ውስጥ ሆኖ ይውላል፣ ያመሻል። ራምፑ ላይ ከሰል የጫነ ጆንያ ይጎተትበታል፣ ልብስ ይሰጣበታል፤ እሱ ግን አንድ ቀን አልወጣበትም፣ አልወረደበትም። የሆስፒታል ቀጠሮ ነበረው፤ ሁለት ጊዜ አሳለፈው። የአንደኛው እግሩ ቁስል እንደገና መምገል ጀመረ። ይህን ሁሉ የነገሩን ወይዘሮ ለተብርሃን ናቸው፤ ከሾላ ገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን እንደያዙ ቢሮአችን መጥተው። ሊወቅሱን አልነበረም። "ምን ላድርግ?" ብለው ነው የመጡት።

ጋሽ በላቸው በማግሥቱ ጥዋት "ተነሺ" አሉኝ። ወረቀት አልያዙም፣ እርሳስ አልያዙም። ሻምበሉ መስኮቱ አጠገብ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ጢሙ አድጓል።

"ማን ላካችሁ?" አለ።

"ማንም አልላከንም። ያንን ራምፕ የነደፍኩት እኔ ነኝ።"

"ጥሩ ነው። ከሰል ይገባበታል።"

ጋሽ በላቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ሻምበል፣ ሰው ሳልጠይቅ ቤት ነድፌ አላውቅም። እርስዎን ሳልጠይቅ ነደፍኩ፣ ተበላሸ።"

"አትንገሩት ያለችው እናቴ ናት። ሰምቻለሁ።"

"እሳቸው እናት ናቸው፤ አትንገሩት ማለት ይችላሉ። እኔ ግን ባለሙያ ነኝ፣ እሺ ማለት አልነበረብኝም።"

ሻምበሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያቸው። ወይዘሮ ለተብርሃን በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሄዱ።

"እንግዳ በሌለ ጊዜ የት ነው የሚቀመጡት?" አሉት ጋሽ በላቸው።

"ያስቀመጡኝ ቦታ ነዋ።"

"ከመዝመትዎ በፊትስ?"

ዓይኑን ወደ ሳሎኑ፣ ወደ ፊት ለፊቱ በር አዞረ። "ደረጃው ላይ" አለ። "ከላይ ሁለተኛው ላይ። ከዚያ ሲቀመጡ መንገዱ ይታያል። ጓደኞቼ ሲያልፉ ይጠሩኛል፣ እወርዳለሁ። ወደ ጦር ትምህርት ቤትም ስሄድ፣ ስዘምትም፣ የወጣሁት በዚያ በር ነው።"

ጋሽ በላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ያልጠበቅነውን ነገር አሉ። "ወንበርዎን ያውሱኝ።"

ሻምበሉን አልጋው ላይ አሸጋግረነው፣ አምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ሱፋቸውን እንደለበሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና በኩሽና በኩል ወጡ። እየሄዱ የበሩ መቃን እጃቸውን ላጠው። ራምፑን መውረድ ቀላል ሆነላቸው። ለመውጣት ሲሞክሩ ግን መካከል ላይ ደርሰው ወንበሩ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ላብ በላብ ሆኑ። ቶለሳ በምን ያህል ጥንቃቄ እንዳለሰለሰው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጎማው የሚይዘው ነገር የለም። አምስት ጊዜ ያህል ሞክረው አቃታቸው። ሻምበሉ በተከፈተው መስኮት ያያቸዋል።

"ወደ ፊት ያጎንብሱ" አለ። "ክብደትዎን ወደ ፊት። እንደዚያ አይደለም፣ ክርንዎን ይሰብስቡ።"

እኔ ካልገፋሁዎት አልኩ፤ ሻምበሉ በንዴት "ይተዉአቸው። ሁልጊዜ አብረዋቸው አይሆኑም" አለኝ። ወዲያው ሳቀ። ቤት ከገባ ጀምሮ እናቱ ያን ሳቅ አልሰሙም ነበር። ኩሽና ውስጥ ሆነው ሲሰሙት ዕቃ ከእጃቸው እንዳመለጠ በኋላ ነገሩኝ።

አዲሱን ንድፍ የሠራነው ሦስታችን ነን። ሻምበሉ መድፈኛ ስለነበር መሬት ማንበብ ያውቃል። ፕላኑን ጭኑ ላይ ዘርግቼለት ራምፑ ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ጠየቀኝ። የጓሮው መጨረሻ አንድ በስድስት ነበር፤ ነገርኩት።

"ማን ይገፋዋል ብላችሁ ነው?"

"እናትዎ" አልኩ።

"እናቴ ስልሳ ዓመቷ ነው።"

ስለዚህ አንድ በአሥራ ሁለት ሆነ፤ ብቻውን የሚወጣበት። ግቢው ስለማይበቃ መወጣጫው በግራ አጥር ሥር ሄዶ፣ ጥግ ላይ ደልዳላ ማረፊያ ኖሮት፣ ታጥፎ ወደ በረንዳው ይመጣል። እኔ ደረጃው ሊፈርስ ነው ብዬ በእርሳስ ሰርዤው ነበር። ሻምበሉ እርሳሱን ከእጄ ወሰደ።

"ደረጃውን አባቴ ነው የሠራው፣ አይፍረስ። እናቴ በደረጃው ትውጣ፣ እኔ በጎን እመጣለሁ። በሩ ላይ ግን እንገናኝ።"

የኮክ ዛፉ ግን መንገዱ ላይ ነበር። ጋሽ በላቸው ነገሩን እንዴት እንደሚያነሱት ሲጨነቁ ወይዘሮ ለተብርሃን "ይቆረጥ" አሉ።

"አደይ፣ የአባዬ ዛፍ ነው" አለ ልጃቸው። እናቱን በትግርኛ ነበር የሚጠራቸው።

"አባትህ ቢኖር ራሱ ነበር በመጥረቢያ የሚቆርጠው" አሉና ሻይ ለማፍላት ገቡ። ዛፉ በወደቀ ቀን ግን ገበያ ሄደው እስኪመሽ አልተመለሱም።

ኖራውን ግቢው ላይ ስንረጭ ሻምበሉ መሬት ወርዶ መሞከር ነበረበት። ከቶለሳ ጋር ተሸክመን እንድናወርደው ፈቀደ። "ይህ ለመጨረሻ ጊዜ ነው" አለ። በነጩ መስመር መካከል ሄደ፣ ጥግ ላይ ሲታጠፍ የወንበሩ ኋላ መስመሩን አለፈ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም አለፈ። ማረፊያውን በግማሽ ሜትር አሰፋነው። ሥራው ካለቀ በኋላም ወደ ቤት መግባት አልፈለገም፤ ከሰዓቱን ሁሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ዋለ።

ቀበሌው ሲሚንቶ ከለከለን። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። "ለአንድ ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ብሰጥ ጣሪያው የሚያፈስበት ሌላው ሰው ምን ይለኛል?" አሉ፤ ሐቅ ነበራቸው። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊም ያለቀ ፕላን ስለምን እንደገና እንደሚነደፍ ጋሽ በላቸውን በስብሰባ ላይ ጠየቋቸው። ጋሽ በላቸው ተነሥተው "የመጀመሪያው ተሳስቶ ነው። የነደፍኩት እኔ ነኝ" ብለው ተቀመጡ። በዚያን ጊዜ በስብሰባ ላይ ስህተቴ ነው ማለት የሚያመጣው ነገር አይታወቅም ነበር። ኃላፊው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

መፍትሔው የጓሮውን ራምፕ ማፍረስ ሆነ። ድንጋዩ ለፊቱ ይውላል፤ በሲሚንቶ ፈንታ በኖራ ይገነባል፣ የተረፈችው ትንሽ ሲሚንቶ ለላዩ ብቻ ትሆናለች። ቶለሳ መዶሻውን ይዞ በራሱ ሥራ ፊት ቆመ።

"ጋሽ በላቸው፣ ሥራዬ መጥፎ ነበር እንዴ?"

"ሥራህ ደህና ነበር። ቦታው ነው መጥፎ የነበረው፤ ቦታውን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።"

ቶለሳ ድንጋዩን አንድም ሳይሰብር ነቅሎ በየመጠኑ ደረደረው። የላዩን ሊሾ ግን አላለሰለሰውም፤ ሳይደርቅ በመጥረጊያ በአግድም ሻካራ አደረገው። መደገፊያው አሮጌ የውሃ ቧንቧ ነበር፤ ሻምበሉ ከወንበሩ ሆኖ እጁን ዘርግቶ ቁመቱን አሳየን። ኖራ እንደ ሲሚንቶ ቶሎ አይጠነክርም። በርጥብ ጆንያ ሸፍነን ጠበቅን። በመካከሉ ወታደሮቹ መጥተው ሻምበሉን እንደ መጀመሪያው ተሸክመው ወደ ሆስፒታል ወሰዱት፤ "ለመጨረሻ ጊዜ" ያለውን ትቶ አልተቃወመም፤ ቁስሉም መድረቅ ጀመረ።

ጋሽ በላቸው ከዚያ ወዲህ የቤቱን ሰው ሁሉ ሳያነጋግሩ አልነደፉም። በሽተኛ ከሆነ ሆስፒታል ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ አባወራው እስር ቤት ነበር። ጋሽ በላቸው "እንግዳ በሌለ ጊዜ የት ነው የሚቀመጡት?" የምትለዋን ጥያቄ ስንቅ በምታመላልሰው ሚስቱ በኩል ላኩ፤ መልሷ እስክትመጣ ብዙ ሳምንት ጠበቁ። መልሱ "የልጆቼ አልጋ ጫፍ ላይ" የሚል ነበር። በዚያ ቤት የልጆቹን ክፍል አላጠበቡትም። ሰውየው ሲፈታ አላየሁም፣ እንደተፈታም አልሰማሁም። ጋሽ በላቸውም ደርግ ሳይወድቅ ጡረታ ወጡ፤ ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ተዛውሬ ሠራሁ፣ ብዙ አለቃ አየሁ። እንደሳቸው የራሱን ስህተት ራሱ ቁጭ ብሎ የሞከረ ሰው አላጋጠመኝም።

አዲሱን መወጣጫ የሸፈነው ጆንያ የተነሣ ቀን ጥዋት እኔና ጋሽ በላቸው ግቢው ውስጥ ነበርን። ሻምበል ዮናስ የተተኮሰ ሸሚዝና ጃኬት ለብሶ በፊት ለፊቱ በር ብቅ አለ። ከዚያ መደገፊያውን በአንድ እጁ እየያዘ ወረደ፣ ማረፊያው ላይ ዞረ፣ ወደ ግቢው በር መጣ። ወይዘሮ ለተብርሃን በሩን ከፍተው ነበር። ሲያልፋቸው ሳይታወቃቸው እጃቸው የወንበሩን ኋላ ያዘ።

"አደይ፣ ልቀቂኝ" አለ። ቁጣ አልነበረበትም።

ለቀቁት። ጠጠሩን መንገድ ይዞ ወደ አስፋልቱ ሄደ፣ ታጥፎም ከዓይን ጠፋ። ወይዘሮ ለተብርሃን በሩን ይዘው ቆሙ። ግቡ ብንላቸው አልገቡም፣ ወንበር ብናወጣላቸው አልተቀመጡም። ፀሐዩ እየጠነከረ መጣ። ቆይተው ቆይተው ነጠላቸውን አጣፉና "ልየው ብቻ፤ አልጠራውም" አሉ። ተከተልናቸው።

ማዞሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ጸጉር ቤት ነበረች፤ ደፏ ከፍ ያለ ስለሆነ በወንበር አይገባባትም። ጸጉር አስተካካዩ መስተዋቱን አውጥቶ በውጭው ግድግዳ ሚስማር ላይ ሰቅሎታል። ሻምበሉ ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮለት፣ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። የሆነ ነገር ያወራል፤ ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን ከፊቱ አርቆ ይስቃል። አንድ ቆመው ያደምጡ የነበሩ ሽማግሌም ይስቃሉ።

ወይዘሮ ለተብርሃን አንዲት ሱቅ ተገን አድርገው ቆሙ። ብዙ አላዩትም። ክንዴን ያዙኝና፣

"እንዳያየን፤ በዚያ በኩል ዞረን እንመለስ" አሉ።

በረጅሙ መንገድ ተመለስን። ጋሽ በላቸውና እኔ ልንደርስባቸው እስኪያቅተን ድረስ ይፈጥኑ ነበር።

"ምሳ እኮ አልሠራሁም" አሉ ሳይዞሩ። "ርቦት ነው የሚመጣው።"